ዓይን ያልተጨፈነበት ጸሎት

አዳማ፣ የካቲት መግቢያ

ለውድ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ መራራ ዜና ላሰማሽ ነውና እባክሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። የሰማያዊዋ ኮሮላችን የግራ ስፖኪዮ በደረሰበት ድንገተኛ አደጋ፣ በፕላስተር ሲረዳ ቆይቶ፣ ከመካከላችን ተለይቷል። ሟች በሕይወት ዘመኑ ከኋላ የሚመጣውን ሁሉ፣ ሲኖትራክ ነው ባጃጅ ነው ሳይል፣ ያለ አድልዎ ሲያሳይ የኖረ ነበር። የቀኙ ስፖኪዮ በሕይወት አለ፤ መጽናናት ግን አልቻለም። ገዳዩ ዝንጀሮ ነው። አባዬ እንደነገረን አንድ ረቡዕ ብቻውን ሶደሬ ሄዶ ወገቡን በፍል ውሃ ታጥቦ ሲመለስ፣ አንድ ደረቱን የነፋ ወንድ ዝንጀሮ ከመንገድ ዳር ተነስቶ፣ ያለ ምንም ጥል፣ ገንጥሎ ጣለው።

ይህን ከባድ ነገር ከትከሻዬ ካወረድኩ በኋላ፣ አንቺስ እንዴት ነሽ? የጋምቤላ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? እንቅልፍሽ፣ ምግብሽ፣ ሁሉ ነገርሽ ደህና ነው? እኛ ጌታ ይክበር ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ትላለች እንጂ ደህና ናት። ድመቷ እንደገና ወልዳለች፤ አባትየው አልታወቀም፤ እማዬ ግን የጎረቤትን ግራጫ ድመት ሰላም ማለት አቁማለች።

አሁን ወደ ጉዳዩ። በቴክስት የላክሽልኝ ጥያቄ ደርሶኛል። «አባዬ ያያል ወይስ አያይም? ካላየ ሰው ሳይገጭ ቁልፉን ውሰጂበት።» ግሩም ጽሑፍ ነው። ፋርማሲስትነትሽ ያስታውቃል፤ ከምግብ በኋላ ማለት ብቻ ነው የቀረሽ። በስልክ እንዳልመልስልሽ፣ አንቺ ስትደውዪ እማዬ ድምፁን ከፍ አድርጋ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ነው የምታስቀምጠው፤ ቤቱ በሙሉ ይሰማል፣ ድመቷም ትሰማለች። በቴክስት ደግሞ አያልቅም። ስለዚህ የጎረቤታችን ፈውዚያ ለሥራ ወደ እናንተ ስለምትመጣ፣ ይህን በእጇ ታደርስልሻለች።

ቁልፍ መውሰድ ከሩቅ ሲታይ ቀላል ነው። አባዬ እኮ ሠላሳ ዓመት የጅቡቲን መስመር በተሳቢ የተመላለሰ ሰው ነው። ሰፈር ውስጥ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ «ሹፌሩ» ነው የሚባለው። ቁልፉን ከወሰድኩበት ምን ብለው ሊጠሩት ነው? የዓይን ሐኪም ጋ እንሂድ ብዬ ለምኜው ነበር። «ዓይኔ ምን ሆነ? ይኸው አንቺን እያየሁሽ አይደል?» አለኝ። ፊቱን ያዞረው ግን ሹራቤን ወደሰቀልኩበት ወንበር ነበር። ሹራቡ ምንም አልመለሰም።

እንዲህ ባለንበት ነው አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ሽሮው መሀል፣ አባዬ ሳላ ማየት እፈልጋለሁ ብሎ የተነሳው። አዋሽ ፓርክ ውስጥ ያለውን፣ ቀንደ ረዥሙን። እማዬ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። በዚያ በር ስንት ዓመት አለፍኩ፣ አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም፣ የጫነ ተሳቢ ፓርክ አያስገቡም፣ ባዶውንም ስመለስ ባለመኪናው ቶሎ ና ይለኛል፣ አለ። እማዬ ልጆቹ ሁሉ ሲሰበሰቡ ለከርሞ እንሄዳለን አለችው። «ዘንድሮ» አለ። ለምን ብትለው፣ «ዘንድሮ ነዋ» ብሎ ውሃ ጠጣ። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አልተሰጠም።

እኔ እንግዲህ ሳፋሪን የማውቀው በቴሌቪዥን ነው። ፊቱ በፀሐይ የቀላ ፈረንጅ፣ ጎማው ከእኔ ቁመት የሚበልጥ መኪና ራሱ እየነዳ፣ አንበሳ ሲያይ ሹክ እያለ ያወራል። የእኛ ሳፋሪ ሰማያዊ ኮሮላ፣ አንድ ስፖኪዮ፣ በዘይት የታሸ ቆሎ፣ በሃይላንድ የተሞላ ውሃ፣ የእማዬ መጽሐፍ ቅዱስና የአባዬ የወገብ ቀበቶ ነበር። እኔ ግን በልቤ ሌላ ጭነት ይዤ ነበር የተሳፈርኩት። የአንቺን ምርመራ። ሳላ ጉንዳን አይደለም፤ አህያ የሚያህል፣ ፊቱ ጥቁርና ነጭ የተቀባ እንስሳ ነው። እሱን ማንም ሳይነግረው በራሱ ካየ ቁልፉ የራሱ ነው፤ ካላየ እዚያው እወስዳለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። መንጃ ፈቃዴ እንደሆነ ካወጣሁት ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ለፎቶው ውበት ካልሆነ ማንም አይቶት አያውቅም።

ጠዋት ወጣን። ጋቢና እማዬ፣ ከኋላ እኔ። እዚህ ላይ ስለ እማዬ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ካየሻት ቆይተሻል። እማዬ ዓይን ሳይጨፈን የተጸለየ ጸሎት ጸሎት ነው ብላ የማታምን ሴት ነበረች። ሕፃናት ሆነን በሽፋሽፍታችን መሀል አጮልቀን ስናይ ጭናችንን ትቆነጥጠን እንደነበር አትረሺውም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን አዲስ ትምህርት ይዛለች። መኪና ውስጥ የምትጸልየው ዓይኗን በልጥጣ ነው፤ ድምፅ አውጥታ፣ ከግቢ ከወጣንበት ጀምሮ እስክንገባ። «ጌታ ሆይ፣ በቀኝ በኩል ጥሳ የምትገባውን ባጃጅ ባርካት» ትላለች። «አሜን» ይላል አባዬ፣ ወደ ግራ ይላል። «ጌታ ሆይ፣ ከፊታችን ቀጥ ብሎ ለቆመው የሲኖትራክ ሹፌር ማስተዋልን ስጠው» ትላለች። «አሜን» ይላል፣ ፍሬን ይይዛል። እኔ መጀመሪያ መንፈሳዊ መነቃቃት መስሎኝ ነበር። እሷ እንኳ በጸሎት ታምታ የማታውቅ ናት፣ አባዬ ግን «አሜን» በማለት የታወቀ ሰው አልነበረም።

ወለንጪቲ ገበያ ነበር። እማዬ ስንት አህያ፣ ስንት ከሰል የተሸከመች ሴት፣ ስንት ፍየል በስም በስማቸው ለጌታ አስረከበች መሰለሽ። አንዱም አልተነካም። ከከተማው ስንወጣ ግን ጉሮሮዋ ደርቆ ውሃ ልትጠጣ አፏን ከሃይላንዱ ጋር ባገናኘችበት ቅጽበት፣ አዲስ የተሠራ ጉብታ ላይ እንዳለን ወጣን። ጭንቅላቴ ጣሪያውን ሳመ፤ ግማሹ ውሃ እማዬ ደረት ላይ ፈሰሰ። «ይሄ ጉብታ እዚህ አልነበረም» አለ አባዬ፣ ተቆጥቶ። እውነቱን ነው፣ አልነበረም። አባዬ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት የነበረውን ጠመዝማዛና ጉድጓድ ሁሉ ከእጁ መዳፍ በላይ ያውቀዋል። ከጡረታው በኋላ መንግሥት የሠራው ነገር ሁሉ ላይ ግን እንወጣለን።

መተሐራን አልፈን ፓርኩ በር ደረስን። እዚያ ብቻችሁን አትገቡም፣ ስካውት ይዛችሁ ነው፣ አሉን። የተሰጠን ስካውት ጫምሳ ይባላል። የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ረዥም፣ ትከሻው የቁም ሣጥን በር የሚያህል፣ በአንድ እጁ ጠመንጃ በሌላው ስልክ። «አካም ጅርቱ፣ አባ» ብሎ አባዬን በሁለት እጁ ጨበጠው። አባዬም «ገለታ ዋቃ» አለና ደስ አለው። ደስታው ያበቃው ጫምሳ ጋቢና የእኔ ቦታ ነው ሲል ነው። እማዬ፣ ልጄ እኔ ጋቢና ካልተቀመጥኩ ያስመልሰኛል አለችው። ጫምሳ፣ ይቅርታ እማማ፣ እኔ ፊት ካልሆንኩ መንገድ ማሳየት አልችልም፣ ሕጉ ነው፣ አለ። እማዬ አባዬን አየችው። አባዬ መሪውን ጨብጦ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ወርዳ ከኋላ ገባች፤ ከጫምሳ ትከሻ በስተጀርባ። ከዚያ ቦታ የሚታየው የጫምሳ ማጅራትና የጠመንጃው አፈሙዝ ብቻ ነው።

ጸሎቷን ግን አላቆመችም። ሆኖም ትክክለኛነቱ በእጅጉ ቀነሰ። «ጌታ ሆይ፣ ከፊታችን ያለውን... ምንም ይሁን ምን... አንተ ታውቀዋለህ» ማለት ጀመረች። ድንጋይ የኮሮላዋን ሆድ ፋቀው። ጫምሳ ዘወር ብሎ፣ እማማ፣ እንስሳት ድምፅ ይሸሻሉ፣ ጸሎቱን በልብዎ ቢያደርጉት፣ አላት። እማዬ ሳታስበው «በልቤ ካደረግሁትማ አይሰማኝም» አለች። ጫምሳ ክፉኛ ደነገጠ። «ማን? ፈጣሪ?» አለ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ያኔ ነው የገባኝ። አንቺ ከዚህ በፊት ገብቶሽ ይሆናል፤ ሁልጊዜ ከእኔ ትቀድሚያለሽ።

ጫምሳ በግራ በኩል ከርከሮዎች አሉ ብሎ ጠቆመ። እናትና አራት ግልገል፣ ጭራቸውን እንደ አንቴና አቁመው። አባዬ ወደ ቀኝ ዞሮ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ጤናማ ናቸው አለ። ጫምሳ አባዬን አየ፣ ከርከሮዎቹን አየ፣ እኔን አየ። እኔ ቆሎ ቃምኩ።

ከዚያ ስልኩ ኔትወርክ አገኘና ጫምሳ አንገቱን ደፋ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ ቢጫ ሣር። ሳላው መሀል መንገድ ላይ ቆሟል። ከሩቅ ነው ያየሁት። ጎኑን ሰጥቶን፣ ሁለቱን ቀንዶች ሰማይ ላይ ሰክቶ፣ መኪና እንደሚመጣ እንዳልተነገረው ሰው ቆሟል። እኔ ዝም አልኩ። ምርመራ ነው፤ ተፈታኝ አይረዳም። ያየዋል አልኩ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነን። አሁን ያየዋል አልኩ። የአባዬን እጅ አየሁ፤ መሪው ላይ እንደተኛ ነው፣ እግሩም ነዳጁ ላይ። እህቴ፣ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ድምፅ ግን አልወጣ አለኝ። የወጣው ከአጠገቤ ነው። እማዬ በሁለቱ ወንበሮች መሀል ደረቷን አሾልካ፣ የጫምሳን ትከሻ እንደ አጥር ተደግፋ፣ «ጌታ ሆይ፣ ፍሬን!» አለች።

አባዬ አሜን አላለም። እግሩ ግን አለ። ኮሮላዋ ተንቀጥቅጣ ቆመች፣ ሞተሯ ጠፋ። አቧራው ከኋላ ደርሶ አለፈን። ሲጠራ ሳላው እዚያው ነው፤ ከኮፈኑ ፊት፣ እጅ ብንዘረጋ የምንነካው። አልሸሸም። የጫምሳ ስልክ ከጉልበቱ ወድቆ እግሩ ሥር ይዘፍናል።

አባዬ መሪውን እንደያዘ፣ ቀስ ብሎ፣ «ምንድነው?» አለ።

አንገቱን ወደ መስታወቱ አሰገገ።

«ላም ነው?» አለ።

ጫምሳ ወደ እሱ ዞሮ ሊናገር ሲል እማዬ እጇን ትከሻው ላይ አደረገች። ጫምሳም አጎንብሶ ስልኩን አጠፋ። ከዚያ እማዬ መጸለይ ጀመረች፤ ዓይኗን ገልጣ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልክ ማዕድ ላይ እንደምታደርገው። ጌታ ሆይ፣ ስለፈጠርከው ስለዚህ ሳላ እናመሰግንሃለን አለች። አመድማ አድርገህ ስለፈጠርከው፣ ሆዱን ነጭ ስላደረግህለት፣ በጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ስላሰመርክለት፣ ፊቱንም እንደ ጭንብል ስለቀባኸው እናመሰግንሃለን። «አሜን» አለ አባዬ። ትንሽ ቆየና «ቀንዱስ?» አለ። ስለ ቀንዱም እናመሰግንሃለን አለች፤ ከእኔ ክንድ ይረዝማል፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ወደ ኋላ ትንሽ ዘንበል ብሏል፣ ከሥሩ ቀለበት ቀለበት አለው። «ወደ እኛ ያያል?» አለ። «አንተን ነው የሚያይህ» አለች። ጌታን ይሁን አባዬን አልተለየም። ጫምሳም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አባ፣ ጭራው እንደ ፈረስ ጭራ ነው፣ ጥቁር፣ እየወዘወዘው ነው፣ አለ። አባዬ ለእሱም «አሜን» አለ።

ቁልፉ መሪው ሥር ተንጠልጥሎ ይታየኝ ነበር። ክንዴ ይደርስ ነበር። አልዘረጋሁትም።

ሳላው ሲሰለቸው ሄደ። አባዬ ሞተሩን አላስነሳም። በሩን ከፍቶ ወረደና እንደ ድሮው መኪናውን ዞረ፤ መዳፉን ከኮፈኑ ሳያነሳ፣ ከዚያ በጣሪያው፣ ከዚያ በኋላዋ፤ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ መታ። መጨረሻ የእኔን በር ከፍቶ፣ ወገቤን አሞኛል፣ አንቺ ንጂ፣ አለኝ። ቁልፉን ዘረጋልኝ። ትንሽ ወደ ግራዬ ነበር የዘረጋው። እኔም እጄን ወደዚያው ወስጄ ተቀበልኩት።

ጫምሳን በሩ ላይ አወረድነው። ሲሰናበት የእማዬን እጅ ይዞ፣ እማማ፣ ሌላ ጊዜ ሲመጡ ጋቢናውን እለቅልዎታለሁ፣ አላት። አባዬ ጋቢና ገባ። እንግዲህ እስከ አዳማ ምን እንዳሳየኝ ጌታ ያውቃል። ማርሹን አታንቋርሪው። ክላቹ ላይ አትተኚ፣ አልጋ አይደለም። አሁን ወደ ቀኝ የሚጠመዘዝ አለ፣ ቀስ በዪ። ድልድይ አለ። ከድልድዩ በኋላ ግመል አያጣም። ግመልም አልታጣም። ወለንጪቲ ስንደርስ፣ እዚህ ጋ አዲስ ጉብታ ሠርተዋል፣ ተጠንቀቂ አለኝ። አንድ ጊዜ ነው የወጣበት፤ መዝግቦታል። ሠላሳ ዓመት ስንቱን ረዳት እንዲህ ሲያስለቅስ ኖሮ ይሆን ብዬ ሳስብ ሳቄ መጣ። እማዬ እንደማትስቅ ገረመኝና በውስጥ መስታወት አየኋት። ዓይኗን ጨፍና፣ አፏን ከፍታ፣ እያንኮራፋች ነው። መኪና ውስጥ ዓይኗ ሲጨፈን ካየሁ ስንት ጊዜዬ መሰለሽ።

እንግዲህ ጥያቄሽ ያያል ወይስ አያይም የሚል ነበር። ሳላውን አይቷል። እንዴት እንዳየ ከላይ ጽፌልሻለሁ። ቁልፉ ደግሞ አሁንም በኪሱ ነው፤ እሑድ እሑድ ግቢ በር ላይ አውጥቶ ይሰጠኛል፣ ስንመለስ ይቀበለኛል። ቸርች ለመሄድ እንዲህ የተጨነቀ የመንዳት አስተማሪ አግኝቼ አላውቅም። ፋሲካ ስትመጪ የምትወስጂው ቁልፍ ስለማይኖር፣ በቦታው ለዶሮ ወጡ የሚሆን ቅቤ ማምጣቱን አስቢበት። የዓይን ሐኪም ጋም ማክሰኞ እንሄዳለን፤ እሱ ነው ቀኑን የቆረጠው። ዶክተሩ ምን እንደሚለው የሚያውቅ ሰው አረማመድ ነው ያለው።

ይህን ጽፌ ልዘጋ ስል አባዬ በረንዳ ላይ ደረሰብኝ። ለእህትሽ ነው፣ አንብቢልኝ፣ አለ። መነጽርህን ላምጣልህ አላልኩትም። አንዳንዱን ልዘል አስቤ ነበር፤ ወረቀት ስትዘዪ ድምፅሽ ይፈጥናል አለኝ። ስለዚህ ሁሉንም አነበብኩለት፤ ወንበሩን፣ ምርመራውን፣ ቃሌን። ሹራቡ ላይ ሳቀ። ሳላው ላይ ፊቱን ወደ ግቢው አዞረ። ስጨርስ፣ ጥሩ ነው፣ አንድ ስህተት ግን አለበት፣ እሱ ይስተካከል፣ አለኝ። ከዚህ በታች አስተካክያለሁ።

ከእጅሽ የሚወጣው መድኃኒት ሁሉ የሚያድን ይሁን። የምትወጪበትም የምትገቢበትም መንገድ ጉብታው ከሩቅ የሚታይ ይሁንልሽ። እማዬ ትስምሻለች፤ ዓይኗን ጨፍና ስላንቺ እየጸለየች ነው።

ታናሽሽ፣
የሰማያዊዋ ኮሮላ ተጠባባቂ ሹፌር

እርማት፦ በዚህ ደብዳቤ መግቢያ ላይ የግራውን ስፖኪዮ የገነጠለው ዝንጀሮ እንደሆነ ተደርጎ የቀረበው ዘገባ ትክክል አለመሆኑን ባለጉዳዩ አባዬ ራሳቸው አስታውቀዋል። ስፖኪዮውን የገነጠለው የገዛ ግቢያችን የበር ቋሚ ነው። አደጋው የደረሰው እማዬ ለሴቶች ጸሎት ቤተ ክርስቲያን በዋለችበት ረቡዕ ሲሆን፣ ባለጉዳዩ በዕለቱ ከግቢ አልወጡም። ያለ አግባብ ስሙ ለጠፋው ዝንጀሮ ይቅርታ እንጠይቃለን።